ካዛብላንካ በአማርኛ ይናገር!

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙም የማይወራላቸው ሱሰኞች አሉ። ሱሳቸው ጫትም ሲጋራም አይደለም። ዝናብ ያረሰው አስፋልት፣ የመጋረጃ ጥላ የተጋደመበት ግድግዳ፣ ባርኔጣውን ወደ ቅንድቡ ዝቅ ያደረገ ወንድ፣ ክብሪት የሚለኩስላት የምትጠብቅ ሴት ነው። የ1940ዎቹን የሆሊውድ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ማለቴ ነው፤ ፍቅርና ወንጀል አንድ አልጋ ላይ የሚተኙባቸውን። ፈረንሳዮቹ ፊልም ኗር ይሏቸዋል፤ ጥቁር ፊልም። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1946 ያስነሳው ኒኖ ፍራንክ የሚባል ሃያሲ ነው። በጀርመን ወረራ ዘመን ፓሪስ ያልገቡ የአሜሪካ ፊልሞች ጦርነቱ ሲያበቃ ባንድ ላይ ጎረፉ፤ ሰውየውም ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ሆሊውድ እሱ ሳያይ መጥቆሩ ገባው።

ሱሰኞቹን መለየት አይከብድም። ፍላሽ ይቀባበላሉ። ቡና ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው “ላውራን አየሃት?” ነው። (ላውራ የ1944 ፊልም ናት፤ አንድ መርማሪ ተገደለች የተባለች ሴት ሥዕል ላይ አፍጥጦ በፍቅር የሚወድቅባት።) ስለ ሃምፍሬይ ቦጋርትና ስለ ሎረን ባኮል ሲያወሩ የጎረቤት ሠርግ የሚያወሩ ይመስላሉ። እሷ የ19 ዓመት ልጅ፣ እሱ የ44 ዓመት ባለትዳር፤ “ቱ ሃቭ ኤንድ ሃቭ ኖት” ቀረጻ ላይ ተገናኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ተጋቡ፤ በ1957 እሱ ሞተ፤ እሷ እስከ 2014 ኖረች። ይህን ሲተርኩላችሁ ዓይናቸው እንባ ያቀራል።

እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ልስቅባቸው አይደለም፤ ልጨቃጨቃቸው ነው። ጭቅጭቄም አጭር ናት፤ ይህን ፍቅር እንግሊዝኛ ለሚሰማ ሰው ብቻ እያካፈልን ነው። እንደ ሽቶ ተቀብተነው እንዞራለን፤ “ክላስ አለው” እንዲባልልን። እነዚህ ፊልሞች በአማርኛ መናገር አለባቸው። ይሄ ደግሞ ለሌላው ሰው ውለታ መዋል አይደለም፤ እዳ አለብን። እዳው ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

ስማችንን ማን ፋቀው?

ካዛብላንካን ያላያችሁ፣ ጉዳዩ ይሄ ነው። ዘመኑ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፤ ቦታው ሞሮኮ፤ ሪክ የሚባል አሜሪካዊ መጠጥ ቤት ከፍቶ “እኔ በማንም ጉዳይ አልገባም” እያለ ይኖራል። የድሮ ፍቅረኛው ከባሏ ጋር ድንገት ትከሰታለች። ኒውዮርክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በኅዳር 1942 እ.ኤ.አ. ነው። ኗር ነው አይደለም ብለው የሚጣሉ አሉ፤ ይጣሉ። ጥላው፣ የሚያባርር ትዝታው፣ ለሁለት የተከፈለ ልቡ ለኔ ይበቃኛል።

አንድ ቦታ ላይ ግን እኛ ቀጥ ብለን መቀመጥ አለብን። ሻምበል ሬኖ የተባለው የፖሊስ አዛዥ ሪክን “አንተማ በማንም ጉዳይ አልገባም የምትለውን ለሌላ ሰው ንገር” በሚል ስሜት የኋላ ታሪኩን ያነሳበታል። በ1935 መሣሪያ በድብቅ ወደ ኢትዮጵያ አስገብቷል፤ በ1936 ደግሞ ስፔን ሄዶ ከፋሺስቶቹ ጋር ተዋግቷል። ልብ በሉ፤ የሆሊውድ ትልቁ የፍቅር ፊልም ጀግናውን “ይሄ ሰው ልቡ ንጹሕ ነው” ብሎ ለማሳመን ማስረጃ ሲፈልግ መጀመሪያ የጠራው የኛን ስም ነው።

ነገሩ ዝም ብሎ የተወረወረ ስም አይደለም። ጣሊያን በጥቅምት 1935 እ.ኤ.አ. ስትወረን አሜሪካ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ጣሊያን ግን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ አልነበረንም። በዚያን ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መሣሪያ ማሻገር ማለት የገዛ አገርህን ሕግ መጣስ ማለት ነበር። በ1942 ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ተመልካች ይህን ያውቃል። ሪክ ማን እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ገባው።

አሁን የሚያናድደው ይመጣል። ፊልሙ ከጦርነቱ በኋላ ጣሊያን ሲገባ በጣልያንኛ ድምፅ ተሠራለት፤ “ኢትዮጵያ” የሚለው ስም ጠፍቶ በቦታው “ቻይና” ገባ። ጣሊያኖች ለዓመታት ሲያዩት የኖሩት ሪክ ቻይናን የረዳ ሪክ ነው። ጀርመኖቹም ብልጥ ናቸው፤ በ1952 ለምዕራብ ጀርመን ተመልካች ሲያቀርቡት ናዚዎቹን ቆራርጠው አወጧቸው፤ የጸረ ናዚ ታጋዩን የአቶም ተመራማሪ አድርገውት አረፉ።

ከዚህ የምማረው አንድ ነገር አለ። ፊልም ላይ በሌላ ቋንቋ ድምፅ የሚጭን ሰው ታሪኩን በእጁ ይይዛል። የፈለገውን ይፍቃል፤ የፈለገውን ያስቀራል። እኛስ? እኛ እስከ ዛሬ ለዚህ ፊልም በራሳችን ቋንቋ አልተናገርንለትም። ራስ አበበ አረጋይ ከመሯቸው የሸዋ አርበኞች ጋር አያቶቻቸው መንዝና መርሐቤቴ ገደል ውስጥ የተዋደቁ ሰዎች፣ ስማቸው የተጠራበትን ፊልም በቋንቋቸው የመስማት መብት የላቸውም?

ሰሙ ፈረስ፣ ወርቁ ሌላ

“የነጭ ፊልም ለኛ ሰው አይገባውም” የሚል መልስ እጠብቃለሁ። በተቃራኒው ነው እላለሁ፤ ከማንም በላይ የሚገባው ለኛ ሰው ነው።

ሆሊውድ ያኔ ሳንሱር ነበረው። ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠብቆ የተተገበረ፣ እስከ 1968 የዘለቀ የሥነ ምግባር ደንብ። የረዘመ መሳም ክልክል፣ ዝሙትን ማሳመር ክልክል፣ ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም መጨረስ ክልክል። ታዲያ ደራሲዎቹ ምን አደረጉ? እኛ የምናውቀውን አደረጉ። ሰምና ወርቅ ተናገሩ።

“ዘ ቢግ ስሊፕ”ን (1946) እዩ። ቦጋርትና ባኮል ምግብ ቤት ተቀምጠው ስለ ፈረስ እሽቅድምድም ያወራሉ። የትኛው ፈረስ ከፊት ይመራል፣ የትኛው ከኋላ መጥቶ ይቀድማል፣ ጋላቢውስ ማን ነው። ሰሙ ፈረስ ነው። ወርቁን ለመተርጎም ደብተራ መሆን አያስፈልግም፤ ሁለቱን ፊት ማየት ይበቃል። “ደብል ኢንደምኒቲ” (1944) ላይም እንዲሁ ነው። ባለትዳሯና የኢንሹራንስ ሻጩ ገና በመጀመሪያው ቀን ስለ መኪና ፍጥነት ገደብና ስለ ትራፊክ ፖሊስ ይነጋገራሉ፤ የተጣሰው ሕግ ግን የመንገድ ሕግ አይደለም። ሳንሱር ሠራተኛው ወረቀቱን ሲያነብ ያገኘው ሰም ብቻ ነው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ!

እዚህ ላይ የሚገርም ግጥምጥሞሽ አለ። “ሰምና ወርቅ”ን ለውጭው ዓለም ምሁራን ያስተዋወቀው ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ነው። በዚሁ ርዕስ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ጥናቱን የት የሠራ ይመስላችኋል? መንዝ! የመንዝ ገበሬ አንድ ነገር ሲናገር ሌላ ነገር ማለቱን እዚያው ኖሮ አይቶ ነው የጻፈው። እንግዲህ የአሜሪካ ምሁር የመንዝን አነጋገር ለመረዳት ያን ያህል መንገድ ከመጣ፣ የመንዝ ሰው የአሜሪካን ሰምና ወርቅ ለመረዳት የሚያቅተው በምን ሒሳብ ነው? ለዚያውም በፈረስ ተሸፍኖ የመጣን! ለመንዝ ሰው ስለ ፈረስ ማስረዳት ማለት ለዓሣ ስለ ውኃ ማስረዳት ነው።

እድሩና ባልየው

ይህን በንድፈ ሐሳብ ብቻ አልልም። ዘመሮ አክስት አሉኝ። መንዝ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅበት አገር። በ2015 የገና ሰሞን እሳቸው ዘንድ ሄጄ ማታ ማታ ምድጃ ዳር እናመሽ ነበር። እሳቸው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ፤ እኔ ባና ተከናንቤ እንቀጠቀጣለሁ። “እስኪ ደግሞ አንቺ አውሪኝ፤ የከተማውን” ሲሉኝ “ደብል ኢንደምኒቲ”ን አወራሁላቸው።

መጀመሪያ ኢንሹራንስ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። “ትልቅ እድር በሉት። በየጊዜው ይከፍሉለታል፤ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል። ከባቡር ወድቆ ለሞተ ደግሞ እጥፍ ይከፍላል” አልኳቸው።

“እጥፍ?” አሉ እንዝርታቸውን አቁመው። “ታዲያ ይሄ እድር ነው ማስገደያ?”

ከዚህ በኋላ ታሪኩን እኔ አልነገርኳቸውም ማለት ይቻላል። ሚስትየው ከኢንሹራንስ ሻጩ ጋር ባሏን እንደምታስገድል ሳልደርስበት ደረሱበት። ኪይዝ የሚባል መርማሪ እንዳለ፣ የውሸት ጥያቄ ሲመጣበት ሆዱን እንደሚያመው ስነግራቸው “እሱ ደህና የእድር ዳኛ ነው” ብለው ሳቁ። መጨረሻ ላይ “ሴትየዋ እባብ ናት አይደል?” አልኳቸው። ዝም ብለው ፈተሉ፣ ፈተሉ፤ ከዚያ እንዲህ አሉኝ።

“እሷስ ባሏን ጠልታለች፤ ኃጢአቷን ትወቀው። ሰውየውን ለምን ትተውታላችሁ? የእድሩን ደብተር አብጠርጥሮ የሚያውቀው እሱ። መንገዱን ያሳያት እሱ። ልጄ፣ ይሄ ሰው ሴትዮዋን ሳያያት በፊት ሲያስበው የነበረ ነው።”

ፊልሙን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ልክ ናቸው! ዋልተር ራሱ ኩባንያውን የማታለል ሐሳብ ከሴትየዋ በፊት በልቡ ሲያመላልሰው እንደኖረ ይናገራል። እኛ ግን ባርባራ ስታንዊክ ደረጃውን ስትወርድ እግሯ ላይ ያለው አልቦ እንደ ዋልተር ዓይናችንን ስለሚሰርቀው እናልፈዋለን። በከተማ ስንሰባሰብ የምናወራው ስለ “ገዳይዋ ሴት” ውበት ነው፤ በሴት ላይ ስለሚለጠፈው ጥፋት የሚጠይቅ ብዙ የለም። ደንቡ እሷን ግደሏት ብሎ ያዛል፤ ፊልሙም ይገድላታል። እኛም እናጨበጭባለን። አክስቴ አላጨበጨቡም።

እንግዲህ ይሄ ነው የምለው። ፊልሙን ለሳቸው ስናካፍል የምንጠቀመው እኛ ነን። ፍቅራችን ውስጥ የጎደለው ዳኛ እዚያ ምድጃ ዳር ተቀምጧል።

“በዚህ ጊዜ ፊልም?”

ይህን የሚለኝ ሰው ላይ አልቆጣም፤ ጥያቄው የሚገባ ነው። በአማራ ክልል ግጭቱ ከተቀሰቀሰበት ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ሰሜን ሸዋን ጨምሮ ብዙ ቦታ ሰው የሚያስበው ሌላ ነው። መንገዱ፣ ማዳበሪያው፣ የልጆች ትምህርት፣ ወጥቶ መግባት። ኢንተርኔቱም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። “ሰው እየሞተ አንቺ ስለ ቦጋርት ባርኔጣ?” ብትሉኝ አጭር መልስ የለኝም።

ረጅሙን ልሞክር። እነዚህ ፊልሞች የተሠሩት በሰላም ጊዜ በጠገበ ሰው አይደለም። ቢሊ ዋይልደር፣ ፍሪትዝ ላንግ፣ ሮበርት ሲዮድማክ ሂትለርን ሸሽተው የወጡ ሰዎች ናቸው። ካዛብላንካ መግቢያው ላይ ስማቸው ከተጻፈው 14 ተዋንያን አሜሪካ የተወለዱት 3 ብቻ ናቸው፤ ከቀሩት ብዙዎቹ ስደተኞች። የናዚውን መኮንን የሚጫወተው ኮንራድ ፋይት ራሱ ከናዚዎች የሸሸ ጀርመናዊ ነው። ተመልካቹም ቢሆን ልጁን ጦር ሜዳ የላከ፣ ወይም ከጦር ሜዳ ተመልሶ አገሩ እንግዳ የሆነበት ሰው ነበር። ኗር “ሁሉም ነገር ደህና ይሆናል” ብሎ አይዋሽም። ቃል የተገባለት፣ ቃሉም የፈረሰበት ሰው ነው የሚያየው። እስኪ ንገሩኝ፤ ዛሬ ይህን ስሜት በደንብ የሚያውቀው ማን ነው? ቦሌ ካፌ የተቀመጥነው እኛ ነን ወይስ እነሱ?

የደከመ ሰው ዳቦ ያስፈልገዋል፤ እውነት ነው። ጨዋታም ያስፈልገዋል። ያለ ጨዋታ ያመሸ ቤት ታውቃላችሁ አይደል?

“የራሳችን እያለ?”

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፊልም ሠሪ ጓደኞቼ ይመጣል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማዎችን አማርኛ እያናገረ ሲጀምር የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃውመው ነበር። ስጋታቸው የእንጀራ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ሰው በቋንቋው የሰማውን እንደሚወድ በአገሩ ሁሉ ቤት ለቤት የታየው ያኔ ነው።

በ80 ዓመት ፊልምና በዕለታዊ ድራማ መካከል ግን ልዩነት አለ። አሮጌ ፊልም የማንንም ሰዓት አይሻማም። እንዲያውም ዓይን ያሠለጥናል። ጥቁርና ነጭ የጠላ ዓይን የራሳችንን እንዴት ሊያይ ነው? “ሂሩት አባቷ ማነው” በ1957 ዓ.ም. የወጣው በጥቁርና ነጭ ነው። የኃይሌ ገሪማ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው በጥቁርና ነጭ ነው። ከኔ እድሜ እኩዮች ስንቱ አይቷቸዋል? “ቀለም የለውም” ብሎ ፊቱን የሚያዞር ተመልካች የአያቶቹንም ፊልም ነው የሚቀብረው። ከላውራ ጀምሮ ወደ ሂሩት የሚመለስ መንገድ አለ፤ እኔ የምሟገተው ለዚያ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አልደብቅም። በእነዚህ ፊልሞች ጥቁር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አሳላፊ ነው፣ ጫማ ጠራጊ ነው፤ ቢበዛ እንደ ካዛብላንካው ሳም ፒያኖ ተጫዋች ነው። ስናካፍል ይህንንም አብረን ማካፈል አለብን። የምንወደውን ሰው ጉድፍ እያየን እንደምንወደው ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ካዛብላንካን ራሱን ነገ ተነስተን መነካካት አንችልም፤ ባለመብት አለው። ስለዚህ እሱን በጊዜው በፈቃድ እንጠይቅ። ከዚያ በፊት ግን በአሜሪካ ሕግ የባለቤትነት መብታቸው ያበቃ፣ የሕዝብ ንብረት የሆኑ ምርጥ ምርጥ ኗሮች አሉ።

“ዲቱር” (1945) 68 ደቂቃ ብቻ ነው። ፍቅረኛውን ፍለጋ በሊፍት አገር የሚያቋርጥ ፒያኖ ተጫዋች ታሪክ ነው። በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ነው፤ ግን በ1992 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ገብቷል። “ስካርሌት ስትሪት” (1945) የፍሪትዝ ላንግ ነው፤ ሥዕል የሚወድ ምስኪን ገንዘብ ያዥ በማትወደው ሴት ሲቀልጥ። እንደዚህ ገንዘብ ያዥ ዓይነት ሰው የማያውቅ መሥሪያ ቤት አለ? “ዘ ስትሬንጅ ላቭ ኦቭ ማርታ አይቨርስ” (1946) አለ። ፍቅር ባይኖርበትም “ዘ ሂች ሃይከር” (1953) አለ፤ ያዘጋጀችው ሴት ናት፤ አይዳ ሉፒኖ።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክ፣ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት ክፍል፣ አራት አምስት ድምፅ። ከሁሉ በላይ ግን ሰምና ወርቅ የሚችል ተርጓሚ። ቃል በቃል አይሆንም! ወርቁ ከጠፋ የቀረው ሰም ብቻ ነው፤ ሰም ደግሞ አያሳስቅም፣ አያስለቅስም። የቲያትር ተማሪዎች አላችሁ፤ ቅኔ የተማራችሁ አላችሁ፤ ድምፃችሁ ለሬዲዮ የሚሆን አላችሁ። ስትሰባሰቡ ስለ ጥላና ብርሃን ከማውራት አንድ ሰዓት ቀንሱና አንድ ትዕይንት ተርጉሙ።

ሲያልቅ ደግሞ ፍላሽ ላይ ይጫናል። ፍላሽ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ኪስ ውስጥ ገብቶ ሰው የደረሰበት ይደርሳል። ዘመሮም ይደርሳል፤ መሐል ሜዳም፣ ዓለም ከተማም ይደርሳል። መብራት ባለበት ማታ አንድ ቤት ይሰበሰባሉ፤ አንድ ሰው “ይሄ ሰውዬ መጨረሻው አያምርም” ይላል፤ ሌላው ይሟገተዋል። የፊልም ውይይት ማለት እሱ ነው፤ ፖስተር አያሻውም።

አንድ ቀን ደግሞ ፈቃዱ ተገኝቶ የካዛብላንካ ተራ ሲደርስ፣ ያቺ ቦታ ላይ ሻምበል ሬኖ ሪክን ቀና ብሎ አይቶ ስማችንን በኛ ቋንቋ ይጠራል። ጣሊያን “ቻይና” ያለውን እኛ “ኢትዮጵያ” እንላለን። የጎደለብን አንድ ቃል ናት፤ መመለስ የምንችለውም እኛው ነን።

እስኪ እናንተ ንገሩኝ፤ የሬኖን ድምፅ ማን ይሥራው?